ትራንስሚተር ሲመረጥ ከብልሽቱ ይጀመር

አንድ ፋብሪካ ትራንስሚተር ሊገዛ ሲነሣ መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ «ትክክለኛነቱ ስንት በመቶ ነው?» የሚል ነው። የጨረታ ሰነዱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ አምራቹም በካታሎጉ የመጀመሪያ ገጽ አጉልቶ የሚያትመው ይህንኑ ቁጥር ነው። ገምጋሚ ኮሚቴው 0.1 በመቶ ላለው ዝቅ ያለ ነጥብ፣ 0.075 ላለው ከፍ ያለ፣ 0.04 ላለው ደግሞ ሙሉ ነጥብ ይሰጥና የቀረው ዋጋ ማወዳደር ብቻ ይሆናል። አካሄዱ ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ለኦዲትም ይመቻል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል እላለሁ። ትራንስሚተር ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሲበላሽ፣ ሽቦው ሲቆረጥ ወይም ከተሠራበት ክልል የወጣ ነገር ሲገጥመው ለኮንትሮል ሩም ምን ይናገራል የሚለው ነው። ደህና በሆነ ጊዜ ምን ያህል አጣርቶ ይለካል የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ ለሁለተኛው የሚሰጠው መልስ፣ የነጥብ ቤቱ ምንም ያህል ቢረዝም፣ ፋብሪካውን አይጠብቅም።

የመሣሪያው ሥራ ለሁሉም ግልጽ ላይሆን ስለሚችል በአጭሩ ላስረዳ። ትራንስሚተር የቦይለሩን ግፊት፣ የምድጃውን ሙቀት፣ የታንኩን የፈሳሽ ከፍታ ወይም በቧንቧ ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት ከሴንሰሩ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይቀይርና በመቶዎች ሜትር ርቆ ወደሚገኘው መቆጣጠሪያ ይልካል። ኦፐሬተሩ የሚያየው ታንኩን ሳይሆን በስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ቫልቭ የሚከፍተው፣ ፓምፕ የሚያቆመው፣ ማንቂያ ደወል የሚያስጮኸው ያ ቁጥር ነው። ዓይኑ እጅግ የጠራ፣ እንቅልፍ ሲጥለው ግን በየሰዓቱ «ሰላም ነው» እያለ የሚጣራ ዘበኛ ለግቢው ከሌባው ይልቅ የሚያሰጋ ነው፤ ሌባው ቢመጣ እንኳ የግቢው ሰው ተዘናግቶ ይገኛልና።

የሙያው መሥራቾች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዛሬም ድረስ በዓለም ፋብሪካዎች ዋነኛ ሆኖ የሚያገለግለው ምልክት ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ያለው የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ለምን ከ0 አልጀመረም? ከ0 ቢጀምር ኖሮ ባዶ ታንክና የተቆረጠ ሽቦ በስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ይሆኑ ነበር። መነሻው 4 በመሆኑ ግን 4 ሚሊአምፔር «ታንኩ ባዶ ነው» ማለት ሲሆን 0 ሚሊአምፔር «እኔ የለሁም» ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የአየር ግፊት ምልክት ከ0 ሳይሆን ከ3 ፒኤስአይ ጀምሮ እስከ 15 የሚደርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። እነዚያ መሐንዲሶች ሞትን ከባዶነት ለመለየት ሲሉ ከምልክቱ አንድ አምስተኛውን ለመለኪያ ሳያውሉ ትተውታል። አንድ አምስተኛ! የዛሬው ገዥ ለ0.06 በመቶ ልዩነት ሲከራከር እነሱ 20 በመቶውን ለብልሽት ማሳወቂያ ሰጥተዋል። ኋላም ናሙር የተባለው በጀርመን የተመሠረተው የፕሮሰስ ኢንዱስትሪ ተጠቃሚዎች ማኅበር ኤንኢ 43 በተሰኘው ምክረ ሐሳቡ መስመሩን ይበልጥ አጠራው፤ ከ3.8 እስከ 20.5 ሚሊአምፔር ልኬት ነው፤ 3.6 እና ከዚያ በታች ወይም 21 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መሣሪያው ታሟል ማለት ነው። ይህን ቋንቋ የማይናገር ትራንስሚተር፣ ወይም ቢናገርም የሚሰማው የሌለ ትራንስሚተር፣ ትክክለኛነቱ ምንም ቢሆን ጎዶሎ ዕቃ ነው።

አሁን ያንን የተከበረ መቶኛ ራሱን እንመርምረው። በካታሎግ የሚታተመው ትክክለኛነት የሚናገረው በአምራቹ ላቦራቶሪ፣ በተወሰነ የክፍል ሙቀት፣ ስለ ትራንስሚተሩ ብቻ ነው። ሴንሰሩን፣ ሽቦውንና የተተከለበትን ቦታ አይጨምርም። በሙቀት ልኬት እጅግ የተለመደውን ፒቲ 100 እንውሰድ፤ በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ 138.5 ኦም የሚሆን የፕላቲኒየም ሴንሰር ነው። ክልሉ ከ0 እስከ 150 ዲግሪ ቢሆን 0.04 በመቶ ማለት 0.06 ዲግሪ ነው፤ 0.1 በመቶ ደግሞ 0.15 ዲግሪ። ኮሚቴው የተከራከረበት ልዩነት 0.09 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ከዚሁ ትራንስሚተር ጋር የሚታሰረው የክላስ ቢ ፒቲ 100 ግን በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት 100 ዲግሪ ላይ እስከ 0.8 ዲግሪ እንዲስት ይፈቀድለታል። ገጣሚው ሴንሰሩን በሁለት ሽቦ ብቻ ካገናኘው፣ እያንዳንዱም ሽቦ 1 ኦም ካለው፣ በ2 ኦሙ ምክንያት ንባቡ 5 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። በሦስት ወይም በአራት ሽቦ ማገናኘት ይህን ስህተት ያስተካክለዋል፤ የሚጠይቀውም ጥቂት ሜትር ተጨማሪ ሽቦ ነው። ለ0.09 ዲግሪ ገንዘብ እየተከፈለ 5 ዲግሪ በሽቦ በኩል ይገባል። በኦሪፊስ ፍሰት ሲለካም እንዲሁ ነው። የግፊት ልዩነቱ የፍሰቱ ካሬ ስለሆነ፣ ፍሰቱ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ግፊቱ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል፤ ያኔ 0.1 በመቶ የተባለው ስህተት በፍሰቱ ንባብ ላይ 5 በመቶ ያህል ሆኖ ይገኛል።

ለአገራችን ደግሞ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። በባሕር ወለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 77 ይወርዳል። የባሕር ወለሉ አየር በውስጡ ታሽጎ የተሠራ የግፊት ትራንስሚተር እዚህ መጥቶ ዜሮው ሳይስተካከል ቢተከል፣ ምንም ግፊት በሌለበት ቧንቧ ላይ ከዜሮ በታች 24 ኪሎፓስካል ያህል ያነባል። ክልሉ 1 ባር ከሆነ ስህተቱ ሩብ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በስኳር ፋብሪካ ቫኩም ፓን ላይ የሽሮፑን የመፍያ ሙቀት የሚወስነው ፍጹም ግፊቱ እንጂ ከአካባቢው አየር ጋር የተነጻጸረው ግፊት አይደለም፤ ስለዚህ ከውጭ የመጣን ስፔሲፊኬሽን እንዳለ መገልበጥ በደጋ አገር ሌላ ነገር መለካት ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ በትክክለኛነት ዓምድ ውስጥ አንድም ቦታ አይታይም።

ስህተት መብዛቱ ግን ዋናው ክርክሬ አይደለም። የሚያስፈራው ስህተቱ ድምፅ የማያሰማ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2005 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ፣ በቢፒ የነዳጅ ማጣሪያ የደረሰውን እናስታውስ። 52 ሜትር የሚረዝም የማጣሪያ ማማ ከጥገና በኋላ ሥራ ሲጀምር ለሰዓታት ፈሳሽ እየገባበት ምንም አልወጣለትም። ከታች ያለው የከፍታ ትራንስሚተር የተሠራው በማማው የታችኛ ክፍል 1.5 ሜትር ገደማ የሆነ ክልል ብቻ እንዲለካ ነበር። የሚለካውም በፈሳሹ ውስጥ የተንጠለጠለ ዘንግ ፈሳሹ ምን ያህል እንደሚያነሣው በማየት ነው። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ በኋላ ከፍታው ቢጨምር የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው የፈሳሹን እፍጋት ብቻ ነው። ፈሳሹ ሲሞቅ እፍጋቱ ቀነሰ፤ ስለዚህ ማማው እየሞላ ሳለ ትራንስሚተሩ ከፍታው ቀስ በቀስ እየወረደ መሆኑን ነገራቸው። ካሊብሬሽኑም በዚያን ቀን ማማው ውስጥ ላልነበረ፣ የተለየ እፍጋት ላለው ፈሳሽ የተደረገ ነበር። ፈሳሹ 48 ሜትር ደርሶ ሳለ ስክሪኑ ከ100 በመቶ በታች የሆነና እየቀነሰ የሚሄድ ቁጥር ያሳይ ነበር። ለብቻው የተገጠመው የከፍታ ማንቂያም አልጮኸም። ነዳጁ በማስወገጃው በኩል ሞልቶ ፈሰሰ፤ ፍንዳታው 15 ሰዎችን ገደለ፣ 180 ሰዎችን አቆሰለ። እዚያ ላይ የተሻለ የነጥብ ቤት ያለው ትራንስሚተር ቢኖር ምን ይለውጥ ነበር? ያንኑ ሐሰት ይበልጥ አጣርቶ ይናገር ነበር እንጂ ሌላ አይደለም። ሲመረጥ «ይህ መሣሪያ ፈሳሹ ከክልሉ ካለፈ ምን ያሳያል?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱ ከመርሁ በግልጽ ይነበብ ነበር።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ11ኛው ቀን፣ ከለንደን በስተሰሜን በሚገኘው የበንስፊልድ የነዳጅ ማከማቻ ሌላ ዓይነት ዝምታ ተከሰተ። በቧንቧ ቤንዚን ይሞላ የነበረው ታንክ 912 የከፍታ መለኪያው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ተጣበቀ። ታንኩ መሙላቱን ቀጠለ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ባለበት ቆመ። የሚያሳዝነው፣ ሦስቱም የማንቂያ ደረጃዎች የሚነሡት ከዚሁ ከተጣበቀው መለኪያ ስለነበር አንዳቸውም አልጮኹም። ራሱን ችሎ የተገጠመው የመጨረሻው ከፍታ ስዊችም እንዲሠራ የሚያደርገው ቁልፍ ስላልተገጠመለት ከሥራ ውጭ ነበር። ከ250 ሺህ ሊትር በላይ ቤንዚን ፈስሶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፈነዳ፤ ከ40 በላይ ሰዎች ተጎዱ፤ ሰው ያልሞተው ሰዓቱ እሑድ ንጋት በመሆኑ ነው ቢባል አያስነቅፍም። ያ መለኪያ በቀደሙት ወራት 14 ጊዜ ተጣብቆ ነበር። ሲሠራ ትክክለኛ ነበር፤ መታመሙን የመናገር ችሎታ ግን አልነበረውም፤ የታንኩ ሙላት ሳይለወጥ ለምን ቆመ ብሎ የሚጠይቅም በሥርዓቱ ውስጥ አልነበረም።

ወደ ትናንሽ ፋብሪካዎች ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። ወተት ፓስቸራይዝ ሲደረግ በተለመደው አሠራር 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሴኮንድ መቆየት አለበት፤ ሙቀቱ ከዚያ ካነሰ ቫልቩ ወተቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እንግዲህ የፒቲ 100 ሽቦ ሲበጠስ ተቃውሞው ወሰን የለሽ ስለሚሆን በትራንስሚተሩ ዘንድ እጅግ ከፍተኛ ሙቀት ይመስላል። ትራንስሚተሩ በብልሽት ጊዜ ምልክቱን ወደ ላይ እንዲወስድ ተደርጎ ከመጣ፣ ተቆጣጣሪውም ይህን እንደ ብልሽት ካላወቀው፣ ቫልቩ ወተቱ በቂ ሙቀት አግኝቷል ብሎ ወደ ማሸጊያ ይለቀዋል፤ ጥሬ ወተት በታሸገ ፓኬት ሕፃናት ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ለፓስቸራይዘር ብልሽት ወደ ታች መሄድ አለበት። ለምድጃ ግን ተቃራኒው ነው፤ ብልሽቱ ወደ ታች ከሄደ ተቆጣጣሪው ምድጃው በርዷል ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ሁለቱ ቦታዎች አንድ ዓይነት ትራንስሚተር፣ በአንድ የዕቃ ቁጥር የታዘዘ፣ ከአንድ ካርቶን የወጣ ሊጠቀሙ ይችላሉ። አንዱን የሚጠብቀው አቅጣጫ ሌላውን ይጎዳል። በአብዛኛው ትራንስሚተሩ ላይ ይህን የሚወስነው አንድ ትንሽ ስዊች ወይም አንድ መስመር ሴቲንግ ነው፤ የግዥ ሰነዱ ግን ስለ እሱ አንድ ቃል አይጽፍም፤ መሣሪያው ከፋብሪካው እንደወጣ ይተከላል።

ሌላም አለ። 24 ቮልት የሚመገብ፣ ለመሥራት ቢያንስ 12 ቮልት የሚፈልግ ትራንስሚተር እንበል። የቀረው 12 ቮልት በሽቦውና በመቀበያው ላይ ይወርዳል፤ በ20 ሚሊአምፔር የሚፈቀደው ተቃውሞ 600 ኦም ነው። መስመሩ 590 ኦም ቢሆን በሥራ ጊዜ ሁሉ ምንም ችግር አይታይም፤ ርክክቡም ይፈረማል። መሣሪያው ታሞ 22 ሚሊአምፔር ለመላክ ሲሞክር ግን ያ መስመር የሚፈቅድለት ከ20.3 ብዙም አይዘልም። ያ ቁጥር ደግሞ በኤንኢ 43 መስፈርት ገና «ልኬት» ነው። መሣሪያው ድረሱልኝ ብሎ ይጮኻል፤ ኮንትሮል ሩሙ ታንኩ ጥቂት ሞልቶ አለፈ ብሎ ያነበዋል። ይህን በመቶኛ የሚያሳይ ካታሎግ የለም፤ በብዕርና በወረቀት ግን በአንድ ደቂቃ ይሰላል።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከሁሉም የሚከብደው የሽያጭ ልኬት ጉዳይ ነው። ነዳጅ ወይም ጋዝ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ከመቶ አንድ አሥረኛው እንኳ ብዙ ገንዘብ ነው፤ እዚያ ትክክለኛነት ይቅደም ቢባል አልከራከርም። ግን በአንድ ፋብሪካ ካሉት መቶዎች ትራንስሚተሮች ውስጥ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚቆሙት ጥቂቶች ናቸው። የጥቂቶቹን መስፈርት ለሁሉም ማልበስ ነው ስህተቱ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ዘመናዊዎቹ ትራንስሚተሮች ራሳቸውን ይመረምራሉ፤ የድሮ ጭንቀት ነው የምታነሣው» የሚል ነው። ሃርት የተባለው ዘዴ በዚያው በ4–20 ሽቦ ላይ ዲጂታል መልእክት ጭኖ ይልካል፤ ፋውንዴሽን ፊልድባስና ፕሮፊባስ ፒኤ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ቁጥሩ የሚታመን፣ የሚያጠራጥር ወይም የማይታመን መሆኑን አብረው ይናገራሉ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የእኔንም ክርክር የሚያጠናክር ነው፤ ምክንያቱም ዲጂታል የሚመረጥበት ትክክለኛ ምክንያት ይህ ችሎታው እንጂ የነጥብ ቤቱ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ፋብሪካዎች ሃርት ያለውን ትራንስሚተር ገዝተው ሃርት የማያነብ መቀበያ ካርድ ላይ ያስሩታል፤ የተከፈለበት ምርመራ ሰሚ አጥቶ በሽቦው ላይ ይቀራል። በገመድ አልባዎቹ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ምልክቱ በየተወሰነ ጊዜ ብቻ ይላካል፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ስክሪኑ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ እንዲቆይ ከተደረገ የበንስፊልድን የቆመ ቁጥር በገንዘባችን ገዛነው ማለት ነው። በተጨማሪም መሣሪያው የሚመረምረው ራሱን ነው። የግፊት መቀበያ ቱቦው በዝቃጭ ቢደፈን፣ ወይም እንደ ቴክሳስ ሲቲ የተነገረው እፍጋት የተሳሳተ ቢሆን፣ ለዚህ ተብሎ የተጨመረ ችሎታ ከሌለው በስተቀር ጤነኛ ነኝ ይላል፤ ኤሌክትሮኒክሱ እኮ ጤነኛ ነው።

ሦስተኛው ከግዥ ክፍል የሚመጣ ነው። «ትክክለኛነት ቁጥር ነው፤ በቁጥር ካልተወዳደሩ ጨረታው ለአድልዎ ይጋለጣል፤ ብልሽት እንዴት ነጥብ ይሰጠዋል?» ይላሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ ድምዳሜያቸው ግን አይደለም። ብልሽትም ቁጥር አለው። አይኢሲ 61508 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የመሣሪያን ብልሽት አደገኛና አደገኛ ያልሆነ፣ የሚታወቅና የማይታወቅ ብሎ ይከፍለዋል፤ በዚህ ደረጃ የተመሰከረለት አምራች «አደገኛ ሆኖ ሳይታወቅ የሚቀር» የሚለውን የብልሽት መጠን በቢሊዮን ሰዓት ስንት እንደሆነ በደኅንነት ማኑዋሉ ይጽፋል። ከ0.04 እና ከ0.1 ይልቅ ሊወዳደር የሚገባው ያ ነው። እንዲህ የተመሰከረለትን መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው ትንሽ ፋብሪካ እንኳ ኤንኢ 43ን ያሟላ እንደሆነ፣ የብልሽት አቅጣጫው የሚመረጥና የሚቆለፍ እንደሆነ አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ መጠየቅ ይችላል።

«ይህ የገጣሚው መሐንዲስ ሥራ እንጂ የመራጩ አይደለም» የሚሉም አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ግን የመለኪያ መርሁ ከክልሉ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ፣ ሁለት ሴንሰር ተቀብሎ ልዩነታቸውን እንደሚያሳውቅ ወይም እንደማያሳውቅ የሚወሰነው ዕቃው ሲታዘዝ ነው። በኋላ በቦታው ላይ ያለ ቴክኒሺያን የሌለውን ችሎታ ሊፈጥር አይችልም፤ የሚችለው በየጊዜው እየወጣ መንካትና መጠርጠር ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን የጨረታ ሰነድ ለምታዘጋጁ ሁሉ ጥያቄዬ ይህ ነው። ተጫራቹ ሴንሰሩ ሲበጠስ፣ ሾርት ሲያደርግ፣ ኃይል ሲቀንስና ልኬቱ ከክልሉ ሲያልፍ ትራንስሚተሩ ስንት ሚሊአምፔር እንደሚልክ በጽሑፍ ይመልስ። ለእያንዳንዱ ቦታ አቅጣጫው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች የሂደቱን አደጋ የሚያውቀው ሰው ይፈርምበት። በርክክብ ቀንም ካሊብሬሽን ሰርተፍኬቱን አይታችሁ ብቻ አትፈርሙ፤ የሴንሰሩን ሽቦ በፊታችሁ አስነቅሉና ኮንትሮል ሩሙ ውስጥ ደወሉ መጮኹን፣ ቫልቩም ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መሄዱን አረጋግጡ።